አራሷ አበባ

ዲላ ከተማ ውስጥ ረህማ፣ ከባለቤቷ ከኸድሩ ሱቅ ጀርባ ባለው ቤቷ፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ የተከለቻትን ሥሯ ሽንኩርት የሚመስል ተክል ዓመታት ሙሉ ስትንከባከብ ከቅጠል በቀር ያገኘችው ነገር አልነበረም። ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ጠዋት ጠዋት ደህና አደርሽ ትላታለች። ኸድሩ፣ ሽንኩርት ብትሆን እንኳ ወጥ በገባች ነበር እያለ ይስቅባታል። ልጅ ሳትወልድ ለኖረች ሴት ግን የምታሳድገው ነገር ሽንኩርትም ቢሆን ልጅ ነው።

እና በአንዱ ጳጉሜ፣ ሁሉም ተስፋ ከቆረጠባት በኋላ፣ ተክሊቱ እንደ መለከት አፉን የከፈተ ቀይ አበባ አወጣች። ሰፈሩ ሊያያት ጎረፈ። ክፋቱ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደዮሐንስም መጣ። ቀይ ሲያይ ደስ አለው፤ ለአብዮት በዓል በክብር እንግዶች ጠረጴዛ ላይ እንደምትቀመጥና በማግስቱ መጥቶ እንደሚወስዳት አስታወቀ። ረህማ ክው አለች። ባለፈው ዓመት ለዚሁ በዓል የሄደው ምንጣፏ ገና አልተመለሰም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ አልሰጥም ማለት በገዛ አፍ ፀረ አብዮት ነኝ ማለት ነው።

ጎረቤቷ እትዬ የትምወርቅ ግን ዝም ብለው የሚያልፉ ሴት አልነበሩም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አራስ እኮ ከቤት አትወጣም» አሉት።

ጓድ ወልደዮሐንስ ተክል አራስ እንደማትባል፣ ይህም ኋላ ቀር አስተሳሰብ እንደሆነ በሰፊው አስረድቶ ሄደ።

በማግስቱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ሲመጣ ቤቱ በሴት ተሞልቷል። እትዬ የትምወርቅ ገንፎ ገንፍተው፣ መሃሉን አጎድጉደው ቅቤና በርበሬ ሞልተውበታል። አበባዋ ነጠላ ለብሳ ከረህማ ጎን ተቀምጣለች። ሰውየው መመሪያውን ሊያሰማ ጉሮሮውን ጠረገ። ምላስ ግን ያደገበትን አይረሳም፤ ገንፎውን አይቶ ወደ ረህማ ቀና ሲል፣ እናቱ ያስለመደችው ቃል ቀድሞት ወጣ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

የሶሻሊዝም አስተማሪው፣ በእስላም ቤት፣ በሽንኩርት መሳይ ተክል ሰበብ ማርያምን ጠራ። ጠባቂዎቹ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ያለ ሰው ደግሞ አራሷን አንጠልጥሎ አይሄድም፤ እትዬ የትምወርቅ ማንኪያ ሲያቀብሉት ቁጭ ብሎ ከመብላት በቀር መውጫ አልነበረውም።

ረህማ ለስንቷ አራስ ገንፎ ይዛ ሄዳለች። እሷን እንኳን ማረሽ ብሎ የገባ ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«አሜን» አለች፤ እንባዋ ገንፎው ላይ እንዳይንጠባጠብም ፊቷን ወደ አበባዋ አዞረች።