ከፀሐይ ጋር የበረረ ቀሚስ

ቀድሞ የሚሰማው የስፌት መኪናው ነው፤ ተካ ተካ ተካ፣ ዝም፣ ደግሞ ተካ ተካ። መጋረጃውን ገልጦ የገባ ሰው ልብስ ሰፊዋን ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ላይ አቀርቅራ ያገኛታል። ቀሚሱ የልጇ ነው። ልጇ ነገ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ ከተማ ትዳራለች። የእናትየው ቪዛ ደግሞ የወጣው ዛሬ ነው።

ቀሚሱ አስቀድሞ እንዳይላክ፣ ጫፉ አልታጠፈም። ሰፊዋ ለባሿ ጫማዋን አድርጋ ፊቷ ካልቆመች ጫፍ አታጥፍም፤ «እግር ያልቆመበት ጫፍ ይዋሻል» ትላለች።

የጭነት መኪና ሾፌሩ ታናሽ ወንድሟ የመተኮሻውን ጠረጴዛ ተደግፎ ይስቃል። የየትኛውንም አገር ርቀት በሰዓት ስለሚመነዝር ሰፈሩ ኪሎሜትር ነው የሚለው። መነሻውን ከመንገዱ ደምሮ ተሳስቶ አያውቅም።

«እትዬ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነስተሽ አሥራ አራት ሰዓት በረራ፤ ደምሪው። ማታ አራት ሰዓት ላይ ወንበር ሲሰበስቡ ትደርሻለሽ። ከደረስሽማ ኪሎሜትር ብሎ የሚጠራኝ አይኑር።»

ሰፊዋ በጣቷ ቆጠረች። ድምሩ ልክ ነው፤ ግን የልጇ ስልክ ትዝ አላት። ልጅቷ ስትደውል ሁልጊዜ ቁርስ ላይ ናት፤ እናትየው ደግሞ ማታ ሱቅ ልትዘጋ ቁልፍ ስትፈልግ። እዚያ ቀኑ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠብቃል ማለት አይደል?

በማግስቱ ቀሚሱን ጭኗ ላይ አቅፋ በረረች። ተበላ፣ ተተኛ፣ ደግሞ ተበላ። ፀሐይዋ ግን እንደ ጠበቀ አዝራር መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ንቅንቅ አልል አለች። ሰፊዋ ብቻዋን ፈገግ አለች።

ስትደርስ ሙሽራዋ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እማ፣ ደረስሽልኝ!»

«ቀጥ በይ» አለች ሰፊዋ ቀሚሱን እያጠለቀችላት።

«እማዬ...»

«ቀጥ በይ አልኩሽ፤ ታለቅሺና ትጎብጫለሽ።» መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ ተንበረከከች። እጇ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጥሳ ቀና ስትል ቀሚሱ መሬቱን ሳይነካ፣ ጫማውንም ሳያሳይ ቆሟል።

ያኔ ስልኩን አንስታ ለወንድሟ በቪዲዮ ደወለች። ኪሎሜትር ውጤቱን ሊሰማ እንቅልፉን ትቶ ተቀምጧል፤ ከኋላው መስኮቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

«ሠርጉ አለቀ አይደል?» አለ።

ሰፊዋ ስልኩን መጀመሪያ ወደ ልጇ፣ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ፀሐይ ሞልታ ገባች።

«ወንበሩ ገና እየተደረደረ ነው፣ ወንድምዬ።»

ወንድሟ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ስልኩን አየ። ተነሳ፣ ቆቡን ከሚስማሩ ላይ አወረደ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ። ሰፊዋ «ኪሎሜትር!» ብላ ብትጠብቅ ብትጠብቅ፣ ስልኩ ላይ የቀረው ባዶ ወንበሩ ነው።