ገደሉ ጫፍ ላይ የቆመው ጉንዳን

ቲው... ቲው...

ድምፁ ከጓዳ ነው የሚመጣው። ትንሽ ፋታ ይሰጥና ደግሞ ይመለሳል። ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ወሬያቸውን ገታ አድርገው ተያዩ።

«ያ ነገር ዛሬም አልጠፋም?» አለች የሟቹ አክስት ሻይ እየቀዳች። «ሰው ምን ይለናል? ለቅሶ ቤት ውስጥ ጌም።»

«ያሻውን ይበል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

የሟቹ ታናሽ እህት ናት። ከቀብሩ ወዲህ እንባ እምቢ ብሏታል፤ የሚታዘዛት ንዴት ብቻ ነው። ወንድሟን ገጭቶ ባመለጠው ሾፌር ትናደዳለች። «በርቺ» ባዩ ሁሉ ያናድዳታል። «ዳቦ ገዝቼ መጣሁ» ብሎ ወጥቶ በቀረው በራሱ በወንድሟም ትናደዳለች።

ከጥግ ሹክሹክታ ሰማች።

«ይሄን የሚያህል ሰውዬ በአሻንጉሊት ጌም?»

«ሚስት ያላገባው ለዚያ ይሆናላ።»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ወንድሟ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። ጌሙን ያገኘው እዚያው ሥራ ቦታው፣ ከውዳቂ ዕቃ መሀል ነው፤ ካሴቱ ላይ ቀይ ጉንዳን ተስሎበታል። በልጅነታቸው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያበደላቸው የፕላስቲክ ጉንዳኖች ነበሩ፤ እግራቸው ሲታጠፍ መኪና ይሆናሉ። እሱ የነበረው አንድ ቀይ ብቻ ነው። ክፍል የወደቀ ዕለት አባታቸው፣ አናጢው፣ ምድጃ ውስጥ ከተተበት። የተቃጠለው ፕላስቲክ ሽታ ከመጋረጃው አልለቅ ብሎ ሰነበተ። ጌሙ ውስጥ ግን ጉንዳኖቹ ሁሉም አሉ፤ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ።

«አየሽ ቁንጫዬ፣ እነዚህን ማንም አያቃጥልብኝም» ይላት ነበር።

ቁንጫ ያላት ዝላይ ስለምትችል ነው። የመጨረሻው ደረጃ ላይ አንድ ሰፊ ገደል አለ፤ እሱ አንድም ቀን ተሻግሮት አያውቅም። እዚያ ሲደርስ ጆይስቲኩን በቀኙ ለተቀመጠችው እህቱ ያቀብላታል፣ ትዘልለታለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ወደ ግራ ትመልስለታለች። ጌሙ አሮጌ ነው፣ የደረሱበትን አያስቀምጥም፤ ከጠፋ ሀ ብሎ መጀመር ነው። ለዚህ ነው ያን ዕለት ጉንዳኑን ገደሉ ጫፍ ላይ አቁሞ፣ እሷ ከሥራ እስክትመለስ ዳቦ ሊገዛ የወጣው።

አጎቷ ቻርጀር ይዞ ወደ ጓዳ ሲገባ አየችውና ተከተለችው። እጁ ጌሙ የተሰካበት ሶኬት ላይ ደርሷል።

«አጎቴ፣ እጅዎን ያንሱ።»

«ስልኬ ሞቶብኝ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«የእርስዎ ስልክ ይነሳል።»

«ለመጫወቻ ብለሽ ነው እኔን እንዲህ የምትናገሪኝ?»

«ለወንድሜ ብዬ ነው።»

አልጮኸችም። ሳሎን ያሉት ግን ሰሟት። አጎቷ ቻርጀሩን እየጠቀለለ ወጣ።

በሩ ላይ አባቷ ቆሞ ነበር። ገባና ፍራሹ ላይ፣ ልጁ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጠ። እሷም በቀኙ ተቀመጠች። አባቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አየ።

«ያ ቀዩ ነው?»

«እሱ ነው። ያቃጠልከው።»

አባቷ ጉልበቱን አሻሸ።

«ለምን ቆመ?»

«እኔን እየጠበቀ።»

«ከገደሉ ወዲያስ ምን አለ?»

«እኔ ተጫውቼው አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ያለው የእሱ ነው።»

ጆይስቲኩን አነሳች። ጥርሷን ነክሳ ቁልፉን ተጫነችው። ቲው ቲው የሚለው ድምፅ ተቋረጠ። ጉንዳኑ ተንደረደረ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ተነሳ፣ ማዶ በእግሩ አረፈ።

ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ጆይስቲኩን ወደ ግራ ዘረጋች።

«እንካ።»

አባቷ የልጁ አውራ ጣት ያለሰለሰውን ቁልፍ አየ። ሙጫ የደረቀበትን፣ ያኔ ጉንዳኑን ምድጃ ውስጥ የከተተውን እጁን እስከ ግማሽ አነሳና መለሰው። ከዚያ ተነሳ። በለቀስተኞቹ መሀል ሲያልፍ፣ አክስቷ «ወዴት ነው?» ስትለው ከጓዳ ተሰማት። የውጭው በር ተዘጋ።

እጇን አላጠፈችም።