የታሊያ ሬዲዮ ዝም ያለ ዕለት

የሰሜኑ ነፋስ ከነጋ ጀምሮ የቤቴን ቆርቆሮ ሲያንገጫግጨው ስለዋለ ጥርሴ ሁሉ ታሞብኛል። መብራት ከአራት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ስልኩም ተከትሎት ጠፋ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተሰክታ የእሳት አጥፊዎቹን ንግግር ስታሰማኝ የኖረች ሬዲዮዬም ያለ መብራት ምን ትሁን፣ በድን ሆናለች። ወንድሜ ራስል የመንደራችን የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች አለቃ ነው። አራት ሰው ይዞ ከኮረብታው ማዶ የተነሳው ሰደድ እሳት ጭስ ውስጥ ገብቷል። እኔ ደግሞ ከመስኮት መስኮት እዞራለሁ። መቀመጥ አቃተኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ይዞራል ተብሏል። እዚህ አገር የኖረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከሰሜን ሲነፍስ የዋለው ድንገት ከደቡብ ምዕራብ ሲመጣ፣ እስከዚያ የእሳቱ ጎን የነበረው በሙሉ ግንባር ይሆናል። ሰው የሚያልቀው ያኔ ነው።

ስምንት ተኩል ላይ አንዲት መኪና አቧራ እያስነሳች መጣች። ጎረቤቴ ታሊያ ናት። ከከተማ አግብታ ከመጣች ገና ስምንት ወሯ ነው፤ ባሏ ጃሮድ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራስል ጋር ወጥቷል። እሱ የገዛላትን የእጅ ሬዲዮ በሁለት እጇ አቅፋ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

"እትዬ ኖይሊን፣ ይሄ ሬዲዮ ሞተብኝ! ከአንድ ሰዓት በላይ ትንፍሽ አላለም። የሆነ ነገር ደርሶባቸው ይሆን?"

"ጥሩ ተመኚ አንቺ ልጅ! ወዲህ በይው።"

ባትሪውን አየሁት፤ ሙሉ ነው። አንቴናውን ነካ ሳደርገው ተወዛወዘ፤ በጣቴ አጠበቅኩት። አሁንም ጭጭ። ከላይ ያለውን ቁልፍ ሳየው እስከ መጨረሻው ተጠምዟል።

"ይሄን ማን ጠመዘዘው?"

"እኔ ነኝ። እሽሽሽ እያለ ራሴን ሲያዞረኝ፣ እስኪተው ድረስ አዞርኩት።"

"ተወልሽ አይደል? ከእሽሽታው ጋር የሰዎቹንም አፍ ዘጋሽው! ይሄ ቁልፍ እንደ በር ነው፤ ጥርቅም ካደረግሽው ደከም ያለ ድምፅ አያልፍም። እሽሽ እስኪል መልሺው። ከዚያ እሽሽታው ልክ ጸጥ ሲል እጅሽን አንሺ።"

መለሰችው። ወዲያው የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፤ ከማዘዣ ጣቢያው ሆና የሌሎች መንደሮችን መኪኖች ትጠራለች። የእኛን ግን አንድም ጊዜ አልጠራችም። ታሊያ ጥፍሯን መብላት ጀመረች።

"እሳቱ ጋ ሲደርሱ በሌላ መስመር ነው የሚያወሩት" አልኳት። "መኪና ከመኪና የሚነጋገሩበት አለ። ቆይ።" ቁጥሮቹን እያገላበጥኩ ስፈልገው፣ ያ መስመር ሬዲዮው እንዲዘለው ምልክት ተደርጎበታል። "ይሄስ የማን ሥራ ነው?"

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "እሁድ እሁድ በጠዋት ሬዲዮዎቻቸውን የሚፈትሹት በዚያ ነው። ጃሮድ ደግሞ ይሄን ሬዲዮ ትራሱ ሥር ካላደረገው አይተኛም። ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ቋሊማ፣ ስለ ራስል ጉልበት... እንቅልፍ ቢነሱኝ ዘጋኋቸው።"

እውነቱን ለመናገር፣ ይሄን ያላደረገች የእሳት አጥፊ ሚስት በአካባቢያችን የለችም። የራስልም ሚስት፣ ነፍሷን ይማርና፣ አድርጋዋለች። እኔ ግን ጭንቀቴን የምወጣበት አጥቼ ጮህኩባት። "እንግዲህ ተኚ! ደህና እንቅልፍ!" አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እኔም ወዲያው ጸጸተኝ።

መስመሩን ስከፍተው የተቆራረጠ ድምፅ ተሰማ፤ ፍሬ የለውም። "ቆርቆሮ ሥር ተወሽቀን ምን እንሰማለን? ይሄ መስመር ጉልበት የለውም። ኮረብታው ላይ እንውጣ፣ ተነሺ!"

በእኔ መኪና ወጣን። ጫፉ ላይ ስንወርድ ነፋሱ ሊጥለን ደረሰ። "ቀጥ አድርገሽ ያዢው፤ አንቴናውን አትጨብጪ" አልኳት። ክንዷን ዘርግታ ወደ ጭሱ ዞረች። በዚያው ቅጽበት ነፋሱ ቀጥ አለ፣ ጸጥ ሆነ፣ ከዚያ ከጀርባችን ቀዝቀዝ ብሎ መጣ። ዞረ! ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ጭሱ ዓይናችን እያየ ተገለበጠ።

የራስል ድምፅ አጠገቤ የቆመ ያህል ጥርት ብሎ መጣ። "በመጣንበት መመለስ አይቻልም፣ መንገዱን በልቶታል። በኖይሊን መተላለፊያ እንወርዳለን።"

"እዚያ ትራክተር ቆሞ አልነበር?" አለ ከጎረቤት መንደር መኪና አንድ ሰው።

"ኧረ አንስታዋለች። ጠዋት ጠይቄያት፣ አንስቻለሁ ብላኛለች።"

ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! ትራክተሩ እዚያው ነው።

ሞተር ሳይክል የሚጋልቡ ጎረምሶች መሬቴን በሚያቋርጠው በዚያ መተላለፊያ እየገቡ ያረገዙ በጎቼን ሲያባርሩብኝ ከርመዋል። መንገዱ በሁለት የድንጋይ ግድግዳ መካከል የተቆረጠ ጠባብ ነው፤ ማክሰኞ ዕለት አሮጌውን ትራክተር አጋድሜ ዘጋሁት። የእሳት ቀን መተላለፊያ እንደማይዘጋ እዚህ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል። ዛሬ ጠዋት ሳይረኑ ሲጮህ ራስል ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ "ትራክተሩን አነሳሽው?" ሲለኝ "አንስቻለሁ፣ አትጨቅጭቀኝ፣ ሂድ!" አልኩት። ሻዬን ጠጥቼ አነሳዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ለበጎቹ ውኃ ልቀዳ ሄድኩ፣ ቀረ። ምላሴን ይቁረጠው።

"ይንገሯቸው!" አለች ታሊያ። ከፊቴ ገብቷታል። ሬዲዮውን አፏ ላይ ለጥፋ "ጃሮድ! እንዳትመጡ! ጃሮድ!" እያለች ጮኸች።

"መስሚያ ብቻ ነው ልጄ! አይናገርም!"

መኪናዬ ውስጥ ባለው የገበሬዎች መነጋገሪያ፣ የእሳት አጥፊዎቹን መስመር ባይዝም፣ ምናልባት አንዱ ይሰማኛል ብዬ ደጋግሜ ጠራሁ። በዚያ ቀውጢ ማን ይስማኝ። ሞተሩን አስነስቼ ቁልቁል ነዳሁ። ታሊያ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጭሱን ታያለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

ትራክተሩ ጋ ስንደርስ ሰማዩ የተቆላ ቡና መልክ ይዟል፤ ፍም የያዘ ቅጠል በላያችን ይበራል። ቁልፉን አዞርኩ፤ ቀጭ አለ እንጂ አልነሳም። ትራክተሩን በሰንሰለት ከመኪናዬ ጋር አሰርኩትና ታሊያን መሪው ላይ አስቀመጥኳት። እኔ ትራክተሩ ላይ ወጣሁ።

"ቀስ ብለሽ! በአንደኛ ማርሽ!"

ደንግጣ ነዳጁን ረገጠችው፤ ጎማው ባለበት እየዞረ አፈር ረጨብኝ። "ቀስ አልኩሽ እኮ! በእግዜር!" እንደገና ሞከረች። ሰንሰለቱ ተወጠረ፣ ትራክተሩ አቃሰተ፣ አንድ ክንድ ሄደ። ከላይ የትልቅ ሞተር ድምፅ ሰማሁ። "ሳቢ! አትቁሚ!" መሪውን ወደ ሜዳው እየጠመዘዝኩ፣ ራስልን ገደልኩት እያልኩ በልቤ እጮሃለሁ። ከግድግዳው አፍ ወጥተን ወደ ሜዳው ሁለት ሜትር እንኳ ሳንርቅ፣ ቀዩ መኪና መብራቱን እንዳበራ አጠገባችን ተወርውሮ አለፈ። ነፋሱ ብቻ ከመቀመጫዬ ሊያወርደኝ ደረሰ።

ታች፣ በጎቼ ሣሩን ላጭተው ባዶ ባደረጉት ሜዳ ላይ ቆሙ። ተከተልናቸው። ጃሮድ ሲወርድ ታሊያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ራስል ፊቱ ጥላሸት ሆኖ መጣና እቅፍ አደረገኝ።

"እህቴ፣ ያ መንገድ ባይኖር አልቀን ነበር።"

በጃሮድ ትከሻ ላይ ታሊያ አየችኝ። መቼም እንደማትናገር ገባኝ፤ ለእኔ ብላ ትውጠዋለች። እሱን ነው ያልቻልኩት።

"ዋሽቼህ ነበር ራስል። አሁን ነው ያነሳነው። ሰው ሞቶ ቢሆን ገዳዩ እኔ ነኝ።"

ከእቅፉ ለቀቀኝ። "የተጎተተበትን ዱካ ሳልፍ አይቼዋለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ለእኔ አትንገሪኝ። ለእነዚያ ለአራቱ ንገሪያቸው።"

የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጠው አንድ የውኃ ኮዳ እየተቀባበሉ ነበር። ፊታቸው ቆሜ ከማክሰኞ ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጃሮድ ሊጠጣ ያነሳውን ውኃ መልሶ አወረደው። አንዳቸውም አልሰደቡኝም። ምነው በሰደቡኝ።