የግራው ተረከዝ

መንገድ የሚጠርግ ሰው የማያገኘው ነገር የለም። አንድ ጠዋት ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስፋልት ላይ ቁጭ ብሎ ይስቃል፤ ባለቤቱ ምን በልቶ ትቶት እንደሄደ እግዜር ይወቅ። ሌላ ቀን ክራንች ይገኛል፣ አንድ ብቻውን። እንግዲህ ሰውዬው ድኖ ነው የጣለው ወይስ ተሸክመው ወሰዱት? ከሁሉም የሚበዛው ግን ጫማ ነው፣ ለዚያውም አንድ እግር። ሰው በምን ተአምር አንድ ጫማውን ጥሎ በሌላኛው ብቻ ቤቱ ይገባል? ይህን የመለሰ ጠራጊ እስካሁን አልተወለደም።

የዚያ ሰፈር ጠራጊዎች ለዚህ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። የተገኘ አንድ እግር ጫማ ጋሪ ውስጥ አይጣልም። ድልድዩ አጠገብ ባለው አጭር ግንብ ላይ፣ አፍንጫው ወደ መንገዱ ዞሮ ሰባት ቀን ይቀመጣል። በስምንተኛው ቀን የቆሻሻ መኪናው ረዳት ይመጣና "ባለቤት አለው?" ብሎ ይጠይቃል። "የለውም" ከተባለ ይወረውረዋል። ድንገት ሌላኛው እግር ተገኝቶ ጥንዱ ከሞላ ደግሞ መጀመሪያ ላገኘው ጠራጊ ይሆናል። ሕጉን ያወጣችውም የምታስከብረውም አንዲት ሴት ነበረች፤ ስለዚህ "ዳኛዋ" አሏት። አንድ ጊዜ ረዳቱ በስድስተኛው ቀን እጁን ቢሰድ መጥረጊያዋን አንስታ እስከ መኪናው ድረስ አሯሩጣዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ ያምኑ ነበር። ጥንድ ጫማ ከተገኘ ሰው ጥሎታል፤ አንድ እግር ከተገኘ ግን ሰው አንድ ነገር ሆኗል። ወይ መኪና ገጭቶታል፣ ወይ ደብድበውታል። ዳኛዋን ጉድ የሠራት ይሄ እምነት ነው።

ዳኛዋ አንድ ልጅ ነው ያላት። አባቱ በጊዜ ስለሞተ በመጥረጊያ አሳደገችው። የጫማውን ሕግ ከፊደል በፊት ነው ያወቀው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግንቡ ላይ ተቀምጦ "ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው እማ?" ይላት ነበር። በስምንት ዓመቱ ከዚያው ግንብ ወድቆ የግራ እግሩ ተሰበረ፤ ሲጠገንም በደንብ አልተጠገነምና አጠረ። ከያኔ ጀምሮ ያነክሳል። ሲመረቅ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዛችለትና ጫማ ሰፊው ዘንድ ወሰደችው። ጫማ ሰፊው የመኪና ጎማ ቆርጦ የግራውን ተረከዝ ሁለት ጣት ከፍ አደረገው። ጥቁር ክር አልቆበት ስለነበር በቀይ ሰፋው። "ከሥር ነው፣ ማን ያየዋል?" አላት።

ልጁ ሥራ ያዘ። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ "ሩቅ ከተማ አዛወሩኝ" አላት። "የሁለት ቀን መንገድ ነው እማ፣ እንዳትመጪ፣ ትደክሚያለሽ።" እሁድ እሁድ እኩለ ቀን ላይ ሳያጓድል ይደውላል። ጎረቤት "ልጅሽስ?" ሲላት፣ "ኧረ የኔ ጌታ! በስልክ ቤቴን ይሞላዋል" ትላለች። ወይ ዳኛዋ!

አንድ ማክሰኞ የሥራ ባልደረባዋ ታመመች። ወሬ ስለማያልቅባት "ራዲዮ" የምትባል፣ እዚህ ሥራ ከገባች ሁለት ዓመት የሆናት ሴት ናት። አለቃው ዳኛዋን በራዲዮ ቦታ ወደ ላይኛው መንገድ ላካት፤ ፎቅ የበዛበት፣ በየበሩ አበባ የተተከለበት መንገድ። አንድ ትልቅ ግቢ በር ላይ፣ ከቆሻሻ ገንዳው ሦስት እርምጃ ርቆ ጥቁር ጫማ ወድቋል፤ የግራ። ለግንቡ ልትወስደው አነሳችው። ከበዳት። ገለበጠችው። ተረከዙ ሁለት ጣት ከፍ ያለ ነው፣ የተሰፋውም በቀይ ክር።

"በሞትኩት!" አለች። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። አሥር ጊዜ ደወለች። ሊያየኝ መጥቶ መኪና ገጨብኝ አለች በሆዷ። ከነሥራ ሰደርያዋ፣ ጫማውን በፌስታል ይዛ ሆስፒታል ሮጠች። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ዝርዝሩን ሁለቴ አየችላትና "በግራ እግሩ የሚያነክስ አልመጣም እማማ" አለቻት። "እንግዲያው ሬሳ ቤቱን አሳዩኝ" አለች ዳኛዋ። አሳዩዋት። ሁለት ሰዎች ተኝተዋል፤ ሁለቱም የሰው ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም የሷ አይደሉም። ግቢው ውስጥ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። ያኔ ስልኳ ጮኸ።

"እማ! ምን ሆነሽ ነው አሥር ጊዜ? ስብሰባ ላይ ነበርኩ እኮ።"

"አለህ? የት ነህ አባቴ?"

"የት እሆናለሁ? እዚያው ሥራዬ ቦታ ነኛ። ዝናቡ ሊገድለን ነው።"

ዳኛዋ ፌስታሉን ከፈተችና ጫማውን አየችው።

"ያ ጥቁር ጫማህስ? ጫማ ሰፊው ያስተካከለልህ?"

"እ... አለ እንጂ። እሁድ እሁድ እሱን አይደል የማደርገው። ምነው?"

"ምንም። እንዲሁ ትዝ አለኝ" አለችና ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ነው ቆዳው ላይ የውሻ ጥርስ ያየችው። ሃያ ሁለት ዓመት ጫማ ስታነሳ የኖረች ሴት፣ ውሻ ከግቢ ጎትቶ ያወጣውን ጫማ መለየት አቅቷት ሬሳ ስታገላብጥ ዋለች። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን በቀጥታ ሄጄ ያንን በር በርግጄ እገባ ነበር። እሷ ግን ወደ ድልድዩ ተመለሰችና ጫማውን ግንቡ ላይ አስቀመጠችው፤ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙራ። ሰባት ቀን ሰጠችው።

በሦስተኛው ቀን ራዲዮ ድና መጣች። ጫማውን ገና ሳትጠጋው አወቀችው።

"አይ ያ ውሻ! ይሄማ የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ነው። እዚያ ግቢ ከገቡ ስድስት ወር አይሞላቸውም። መጀመሪያ ያነክስ ነበር፤ አሁን ልዩ ጫማ አሠርቶ፣ ብታይው፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ሚስትየዋ ወርቅ ናት፣ ውሃ ትሰጠኛለች። አንዲት የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። አያት ግን የላትም፣ ታሳዝናለች።"

"ለምን የላትም?"

"የእናቷ እናት ድሮ ነው የሞተችው። የአባቷም እናት ሞታለች። ሚስትየዋ ናት የነገረችኝ።"

"የአባቷ እናት መቼ ሞተች?"

"እኔ ምን አውቄ! አራት ዓመት መሰለኝ።"

"በምን?" አለች ዳኛዋ።

"እንጃ፣ በሕመም" አለች ራዲዮና ጋሪዋን እየገፋች ሄደች።

ዳኛዋ ግንቡን ይዛ ቆመች። የሞተችበትን በሽታ እንኳን ስም አላወጣለትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? መሞቷን መንገድ ጠራጊው ሁሉ ሲያውቅ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። በዚያ ላይ የልጅ ልጅ አላት! ሦስት ዓመት ሙሉ አያት ሆና ኖራለች፣ ማንም ሳይነግራት። ይሄኛው ከመሞቷ በላይ አንገበገባት።

እሁድ ጠዋት፣ በስድስተኛው ቀን፣ መጡ። ሕፃኗ የወንዙን ውሃ ልታይ ፈልጋ ይሆናል። እናቷ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል እጇን ይዘዋል። እውነትም አያነክስም። ልጅቷ ግንቡ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"አባቢ፣ ይሄ ጫማ ተረከዙ ትልቅ ነው! እየው፣ ቀይ ክር!"

እሱ ጫማውን አየ። ቀና አለ። አሥር እርምጃ ርቃ፣ በአቧራው ምክንያት ፊቷን እስከ ዓይኗ በጨርቅ ሸፍና፣ መጥረጊያ ይዛ የቆመች ሴት አለች። ሴትየዋ ጨርቁን ቀስ ብላ ከፊቷ ላይ አወረደችው። በደንብ እንዲያያት ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

"ቆሻሻ ነው፣ አትንኪው" አለ ልጁን። ብድግ አድርጎ አቀፋት።

ሚስትየዋ ግን በአጠገቧ ሲያልፉ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ "እንደምን አደሩ እማማ፣ ይበርቱ" አለቻት።

"እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" አለች ዳኛዋ። ሕፃኗ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና እጇን አወዛወዘችላት። ዳኛዋም አወዛወዘች። እሱ አልዞረም።

ያን እሁድ ስልኩ አልጮኸም። በአራት ዓመት የመጀመሪያው ነው። የእናት ሆድ ግን ምክንያት አያጣም። ሚስቱ ፊት አፍሮ ነው አለች፤ ብቻውን ይመጣል፣ ማታ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል። አንድ ቀን ይቀራል እኮ! ቤቷ ገብታ አንሶላ አጠበች። "ልጄ ሆይ" ብላ የምትናገረውን በልቧ ስታዘጋጅ አመሸች፤ ለካ ልትቆጣው ስትፈልግም ይቅርታ እያደረገችለት ነው።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ግንቡ ጋ ደረሰች። ጫማው ጥንድ ሆኗል።

ቀኙ ከግራው ጎን ተቀምጧል፣ አፍንጫው ወደ መንገዱ ዞሮ፣ ልክ በሕጉ መሠረት። ሁለቱም ቀለም ተቀብተው ያብረቀርቃሉ፤ የውሻው ጥርስ እንኳን አይታይም። ዳኛዋ ወዲያና ወዲህ አየች። ማንም የለም። ጥንዱ ሲሞላ የማን እንደሚሆን ያ ልጅ ከፊደል በፊት ነው የተማረው። እንኪ፣ አልፈልገውም፣ ያንቺ ነው ማለቱ ነው። በራሷ ሕግ ፈረደባት።

ማክሰኞ ራዲዮ ገና ከሩቅ ስታየው ጮኸች። "ጥንዱ ሞላ! ኧረ ዕድልሽ! እንዴት ያለ ቆዳ ነው በናትሽ! ያንቺ ነው፣ ሕጉ ነው። ለዚያ ሩቅ አገር ላለው ልጅሽ ላኪለት!"

ዳኛዋ መኪናው መጥቶ ሲቆም ጫማዎቹን በሁለት እጇ አንስታ ለረዳቱ ዘረጋችለት። ረዳቱ ግራ ገባው።

"ጥንድ አይደለም እንዴ? ጥንድ ይጣላል?"

"ጠይቀኝና ውሰደው።"

"ባለቤት አለው?" አለ ረዳቱ።

"የለውም። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።"

"ውይ! በምን?" አለች ራዲዮ፣ ነገር አያመልጣትምና።

"እንጃ፣ በሕመም" አለች ዳኛዋ። ጨርቋን ወደ ፊቷ መለሰችና መንገዱን መጥረግ ጀመረች።