በብልቃጥ ላይ የተጻፉ አምስት ቁጥሮች

በጥቂቱ ጥፋት ይቅርታን ለመለመን የሚፈጥነው አንደበት፣ ጥፋቱ በከበደ ጊዜ ስለ ምን ይተሳሰራል? ክቡርና አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ ዘርፌሽዋል እስከ ዛሬ መልስ አላገኘችለትም፤ ኀፍረት ግን ፊትን ማቅላት ብቻ ሳይሆን ጉልበትንም አስሮ ማስቀረት እንደሚችል በገዛ ገላዋ አይታዋለች።

ዘርፌሽዋል የስድስት ወር ሴት ልጇን ለጎረቤት እየተወች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የምታጸዳ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደልና ቁጥር ለይታ በዚያችው ዕውቀቷ እጅግ የምትኮራ እመጫት ነበረች። በዚያም ቤት ቃለአብ የሚባል ትሑትና ትጉህ ተመራማሪ ነበር፤ ባክቴሪያ የተባለችው ረቂቅና ደቂቅ ፍጥረት ለሁለት ከመከፈሏ አስቀድሞ የዘር ክሯን፣ ዲኤንኤ የሚሉትን፣ የሚገለብጡላት ፕሮቲኖች አንዱ ካንዱ እንዴት እንደሚጋጠሙ ይመረምር ነበር።

«እመጫቷ፣ ነይማ ላሳይሽ፤ ሁለት ግማሾች አፍ ላፍ ገጥመው ቀለበት ይሆናሉ፣ ገልባጩም ያንን ቀለበት ይዞ ነው ከክሩ ላይ የማይወድቀው» አላት አንድ ቀን።

«ቀለበቱስ ክሩ ላይ በምን ይገባል?»

«ከፍተው የሚያጠልቁት ሌሎች አሉ። ሙሽሪትስ ብትሆን ቀለበቷን ራሷ ታጠልቃለች እንዴ?» ብሎ አሳቃት። ቀጥሎም፣ ከአጥላቂዎቹ ጋር የሚቆራኝ አንድ ደካማ ፕሮቲን እንዳለ፣ ጓደኛው ቀድሞ ካልጠበቀው ብቻውን ውሃ ሲነካው እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጥሮ እንደሚቀር፣ ስለዚህም ፕሮቲኖቹ ያሉባቸውን ብልቃጦች ከአንድ እስከ አምስት እየጻፈባቸው በተራ እንደሚቀላቅል አስረዳት።

ከዕለታት ባንዱ ሐሙስ ጧት፣ የሕፃኒቱ ትኩሳት ልቧን ወዲያ ወዲህ እያንከራተተው፣ «ያገኘሽውን ሁሉ በአልኮል ወልውይ» የተባለችውንም ትእዛዝ ያለ ልክ አክብራ፣ በበረዶ ውስጥ የተቀመጡትን አምስቱን ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ አንድ በአንድ ወለወለቻቸው። ቀና ስትል ቁጥሮቹ ከጨርቁ ላይ እንጂ ከብልቃጦቹ ላይ የሉም። «አበስኩ ገበርኩ!» አለች። ያን ጊዜ ቃለአብን ጠርታ «አጥፍቻለሁ» ብትል ነገሩ በዚያው ባበቃ ነበር፤ እርሷ ግን እንጀራዬ ተቆረጠ ብላ ደንግጣ እስክሪብቶውን አነሣችና፣ በዚያች በምትኮራባት ዕውቀት፣ ልቧ እንደ ገመተላት ከአንድ እስከ አምስት አሳምራ ጻፈችባቸው።

ቀትር ላይ ቃለአብ ተራቸውን ጠብቆ ቀላቀላቸው፤ ጥሩ ውሃ ይመስል የነበረው ደፈረሰ፣ ነጭ ጓል ከታች ዘቀጠ፣ የሦስት ወር ድካም በአንዲት ደቂቃ ጠፋ። አለቃው ዶክተር አውላቸው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «እስከ አምስት መቁጠር ያቃተው ምሁር! ሂድና ከልጆች ጋር ጀምር!» ብሎ አዋረደው። ቃለአብ አራት የተጻፈበትን ብልቃጥ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ጽሕፈቱን ብዙ ተመለከተ።

«ይሄ አራት የኔ አራት አይመስለኝም። ዘርፌ እህቴ፣ እስቲ እውነቱን፣ ነክተሻቸዋል?»

«እኔ ደግሞ ምን አውቄ ወንድሜ! ፊደል ያልቆጠርኩ ደንቆሮ ነኝ፣ አራትን ከአምስት በምን ለይቼ?»

እርሱም አመናት። ይባስ ብሎም፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ተናድጄ ነው የተናገርኩሽ፤ ልጅቷስ ተሻላት?» አላት። ምነው በሰደበኝ፣ ምነው በጥፊ ባለኝ አለች በሆዷ፤ መጥረጊያዋን አንሥታ የተጠረገውን ወለል እንደ ገና ጠረገችው፣ ቀና ብላ ግን አላየችውም።

የመምህራን ጉባኤ ሰኞ ተቀምጦ ቃለአብ ከምርምሩ ይባረር ወይስ ይቈይ ብሎ ይፈርዳል። ብትናገር በዚያው ቀን ከሥራ ትወጣለች፣ ለሕፃኒቱም ሌላ ቀለብ ሰጪ የላትም፤ ዝም ብትል ያ የዋህ ሰው ባልሠራው ጥፋት ስሙ ጠፍቶ ይሄዳል። እንግዲህ ልባምና ርኅሩኅ አንባቢ ሆይ፣ ከጉባኤው ደጃፍ ትቁም ወይስ ከልጇ ጋር ከቤቷ ትዋል? እባክህ ምከራት፤ ሰው በራሱ ላይ የጫነውን ሸክም ዘመድ ያግዘዋል፣ በንጹሕ ሰው ጫንቃ ላይ የጫነውን ግን ራሱ ካላወረደው ማን ያወርድለታል?