ፕሮፌሰር ዝኒ ከማሁ

"ዞር በሉ፣ ዞር በሉ! የምርምር ሥራ ነው የያዝኩት!" እያለ ልብስ ሰፊው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲገባ፣ ተራ ይዘው የቆሙት ሰዎች በሽተኛ የመጣ መስሏቸው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። በእጁ የጨበጣት ፍላሽ የአውራ ጣት ጥፍር ብታህል ነው። እሱ ግን ኩንታል እንደተሸከመ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳል።

ይህ ልብስ ሰፊ በእጁ የተመሰገነ ነው፤ ምላሱ ግን እጁን ያስከነዳል። እሱ የሰፋው ኮት ለባሹን ሥራ ያስቀጥራል፣ ያጋባል፣ የተጣላ ያስታርቃል። አንድ ጊዜማ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበትን ሰው ሱፉን ሲለካው ከአልጋ አስነስቷል፤ ሱፉም ልክክ ብሎለታል። "አላውቅም" የምትባለዋን ቃል ከአፉ የሰማ ሰው በሰፈሩ ገና አልተወለደም። ሰፈርተኛው "አዋቂው" ይለዋል፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ በሽሙጥ። እሱ ሁለቱንም ከልብ አድርጎ ይቀበላል።

የዛሬው ጉዳይ የልጁ ነው። አስራ አንደኛ ክፍል ናት። ከየስፌት ቤቱ ተጠርጎ የሚወጣው ቁርጥራጭ ጨርቅ የት እንደሚደርስ አጥንታ የምርምር ጽሑፍ አዘጋጅታለች። ጽሑፉ ከምሳ በፊት ታትሞና ተጠርዞ መምህርቷ እጅ መግባት አለበት። መምህርቷ ካላረመችላት ደግሞ ትምህርቱን ከርሞ መድገም ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ልጅቱ ጠዋቱን ፈተና ላይ ስለሆነች፣ ፍላሿን ለአባቷ ስትሰጥ ዓይን ዓይኑን እያየች ነበር።

"አባዬ፣ አሳትመህ፣ አስጠርዘህ ስጥልኝ። በቃ። እንዳትነካካው።"

"እኔ? እኔ ምን እነካለሁ?"

"አባዬ!"

"አልነካም አልኩሽ እኮ!"

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ወጣት ሴት ናት። ቤቱን ከከፈተች ገና ጥቂት ወሯ ቢሆንም፣ ጣቶቿ ፊደል ላይ ሲወርዱ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ይመስላል፤ መንገደኛ ጃንጥላውን ይዘረጋል። ልብስ ሰፊው "ልጄ አይነካ ብላለች" እያለ የሰጣትን ፍላሽ ሰክታ ጽሑፉን ከፈተች።

"ላትመው ጋሼ?"

"ቆይ እንጂ! ሳያዩ ማተም አለ እንዴ?"

"ልጄ አይነካ ብላለች ብለውኝ አልነበር አሁን?"

"ማየት መንካት ነው?" አለና አንገቱን ወደ ኮምፒውተሩ አሰገገ። "ኸረ! ይቺን ጠርዝ እይልኝ! በአራቱም በኩል እኩል የተተወች! ይሄ ከእኔ የወረሰችው ነው። ጠርዝ ያልተተወለት ጨርቅና ጠርዝ ያልተተወለት ወረቀት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይተረተራሉ።"

ተራ የያዙት ሰዎች ጆሯቸውን አቀኑ። ልብስ ሰፊው አድማጭ ካገኘ ደግሞ ማን ይችለዋል! ገጹን ወደ ታች አስገልጦ በግርጌው የተደረደሩትን ደቃቅ ማስታወሻዎች ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር።

"ዝኒ ከማሁ፣ ገጽ 12። ዝኒ ከማሁ፣ ገጽ 19። እዚህም ዝኒ ከማሁ! ኧረ ይሄ ሰውዬ ያልገባበት ገጽ የለም!"

"ማነው ጋሼ?" አለች ባለቤቷ።

ልብስ ሰፊው ለአንዲት ቅጽበት ዓይኑ ተንከራተተ። ቅጽበቲቱ ግን ወዲያው አለፈች።

"እንዴት አታውቂውም? በጨርቅ ነገር የመጨረሻው ሊቅ ነው እኮ! ዝኒ የራሱ ስም፣ ከማሁ ያባቱ።"

ከወረፋው መሐል አንዲት ሴትዮ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። ልብስ ሰፊውም ልቡ ሞቆ ወደ መጨረሻው ገጽ፣ ዋቢ መጻሕፍቱ ከሀ እስከ ፐ ተደርድረው ወደተጻፉበት ገጽ አለፈ። በጣቱ እየተከተለ ወረደ፤ እንደገና ወጣ። ላብ አጠመቀው።

"ዘነጋችው! የሰው ሁሉ ስም ዘርዝራ ዋናውን ዘነጋችው! በጽሑፍሽ የጠቀስሽው ሁሉ መጨረሻው ላይ ካልተዘረዘረ ወረቀትሽ አይታረምም ተብላለች እኮ!"

"ታዲያ ደውለው አይጠይቋትም?"

"ፈተና ላይ ናት ስልሽ! በይ ከ'ዘ' ላይ አስገቢልኝ።"

"አይነካም አላሉም?"

"መንካት ሌላ፣ ማዳን ሌላ!"

"እንግዲህ እርስዎ ካሉ" አለች ጣቶቿን እያፍታታች፤ "እኔ የምጽፈውን አላነበውም፤ ካነበብኩ እሳሳታለሁ። ዝኒ ከማሁ። የመጽሐፉስ ርእስ?"

ርእስ! ልብስ ሰፊው ጣሪያውን አየ፣ የወረፋውን ሰው አየ። "ስለ ጨርቅ ሁሉ" አለ።

"የታተመበት ዓመት?"

"አምና። ቀለሙ ገና አልደረቀም።"

"ማዕረግ አላቸው?"

"ይሄን ሁሉ ገጽ የተጠቀሰ ሰው ያለማዕረግ? ዶክተር በይው። ቆይ፣ ዶክተር ያንስበታል። ፕሮፌሰር በይው።"

እንዲህ ሆኖ አንድ ታላቅ ምሁር፣ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ተመርቆ፣ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ውሃ ለመጠጣት በማይበቃ ጊዜ ውስጥ በዋቢ መጻሕፍት ተርታ ተሰለፈ። ልብስ ሰፊው የተጠረዘውን ጽሑፍ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ትምህርት ቤት ደረሰ፤ በመምህርቷ እጅ አስረክቦ በር ላይ ቆሞ ልጁን ጠበቀ።

ልጅቱ ከፈተና ስትወጣ ከሩቅ አየችው። ደረቱ ተነፍቷል። ጥሩ ምልክት አልነበረም።

"ሰጠህልኝ አባዬ?"

"ሰጠሁልሽ ብቻ? ከእሳት መንጥቄ አወጣሁሽ እንጂ!"

"ከምን እሳት?"

"ዝኒ ከማሁን ዘንግተሽው ነበር። ከነማዕረጉ አስገባሁልሽ።"

"ማንን?"

"ፕሮፌሰሩን ነዋ! 'ስለ ጨርቅ ሁሉ' ከሚለው መጽሐፉ ጋር።"

ልጅቱ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። "አባዬ፣ ዝኒ ከማሁ እኮ ሰው አይደለም!"

"እንዴት ሰው አይደለም? ሞቷል እንዴ?"

"አልተወለደም! ግዕዝ ነው! 'ይህም እንደዚያው' ማለት ነው። አንድን መጽሐፍ አከታትለህ ስትጠቅስ ስሙን እየመላለስክ ከምትጽፍ 'ዝኒ ከማሁ' ትላለህ፤ ያው የላይኛው መጽሐፍ ነው ለማለት!"

ልብስ ሰፊው ዝም አለ። ያንን ዝምታ የሰማ ሁሉ ደነገጠ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ምን ሆኖ ነው ብሎ ከጎጆው ብቅ አለ።

"ፕሮፌሰርም አልከው?" አለች ልጅቱ በቀጭን ድምፅ።

"ዶክተር ልለው ነበር። እንዳያንስበት ብዬ…"

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። "የሌለ መጽሐፍ የጠቀሰ ሰው ወረቀቱ አይታረምም። የመጀመሪያው ደንብ እሱ ነው። ምን ስል ነው እዚያ ክፍል ከርሞ ተመልሼ የምቀመጠው?"

ልብስ ሰፊው ቦርሳዋን ከመሬት አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገና እጇን ይዞ ወደ መምህራን ክፍል ሮጠ። ሮጠ ስል በረረ ማለቴ ነው፤ ያሳደገው ቦርጭ ኋላ ቀርቶ እየተከተለው ነበር።

መምህርቷ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣለች።

"ግቡ፣ ግቡ። ላስጠራሽ ነበር" አለች ልጅቱን። "እኒህን ፕሮፌሰር ከየት አመጣሻቸው? ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መጽሐፋቸውን ፈለግሁት። ባገኘው እንዴት ደስ ባለኝ! ስለ ጨርቅ ሁሉ የሚል መጽሐፍ!"

"ቲቸር፣ እኔ…" ብላ ልጅቱ አቋረጠች። አባቷን አላየችም፤ እንዳታየው ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላለች።

"የቀረውን ሁሉ በደንቡ ነው የጠቀስሽው፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አልሳትሽም። ስለዚህ ያንቺ ሥራ ነው ብዬ ማመን አቃተኝ። ያሳተምሽበት ቤት ነው እንዲህ ያደረገው? ከሆነ ንገሪኝ። ካሁን በኋላ ተማሪዎቼ እዚያ ደጅ ዝር እንዳይሉ አደርጋለሁ።"

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ይህ ነው። ልብስ ሰፊው ምላሱ ላይ የተተኮሰ ሱሪ የመሰለች ለስላሳ ውሸት ደረሰችለት፦ "አዎ፣ ያቺ ልጅ ናት፤ ገና ጀማሪ ስለሆነች…" ቢል ማን ይሰማዋል? የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ እዚያ ፊደሏ ላይ በረዶዋን እያዘነበች ነው። ደግሞስ ደንበኞቿ ከተማሪ ሌላ እነማን ናቸው? አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ልጁ ቀና ብላ አየችው።

"እኔ ነኝ" አለ።

ድምፁ የእሱ አልመሰለውም፤ ቀጠነበት። ጉሮሮውን ጠረገ። ጥፋት ቢሆንም እንኳ በትንሹ ማጥፋት አልለመደበትም።

"እኔ ነኝ እመቤቴ! ዝኒን የወለድኩት እኔ፣ ፕሮፌሰር ያደረግኩት እኔ፣ መጽሐፉንም ያስጻፍኩት እኔ! በዚህች ከተማ ይህን የሚያህል ስህተት የሠራ ካለ ይምጣና እንለካካ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ደጋግማ ጠይቃኛለች። ልጄም አትንካ ብላኛለች። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።"

ልጅቱ "አላውቅም" የሚለውን ስትሰማ አባቷ የታመመ መስሏት ክርኑን ያዘችው።

መምህርቷ ግን መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ልብስ ሰፊው ያስለቀሳት መስሎት መሐረብ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ቀና ስትል በሳቅ ሞታለች።

"ስንት ዓመት ሳስተምር" አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ "ዝኒ ከማሁን አስመርቆ ያመጣልኝ ወላጅ አላየሁም!"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ ልብስ ሰፊው፤ ሙገሳ መሆኑን አላጣራም።

"እስከ መውጫ ደወል ጊዜ ሰጥቻታለሁ፤ ገጿ ተስተካክላ ትምጣ። አንድ ነገር ግን አለ" አለችና ቀይ እስክሪብቶዋን ወደ ልጅቱ ቀሰረች። "የምስጋና ገጽ የለሽም። መጽሐፍ ብቻ አይደለም የሚጠቀሰው፤ የረዳሽም ሰው ይጠቀሳል። ምን እንደረዳሽ በልኩ ጻፊ፤ ሳይበዛ፣ ሳያንስ።"

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተመለሱ። ባለቤቷ ነገሩን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

"ፕሮፌሰሩን ላጥፋቸው ታዲያ?"

"አጥፊያቸው" አለ ልብስ ሰፊው። "ነፍስ ይማር። ጥሩ ሰው ነበሩ።"

አንድ ጊዜ ቀጭ አደረገች፤ ፕሮፌሰሩ ከነመጽሐፋቸው አለፉ። ቀጥሎ ባዶ ገጽ ከፍታ ከላይ "ምስጋና" ብላ ጻፈች።

"ምን ይባል?" አለች ልጅቱ ወደ አባቷ ዞራ።

ልብስ ሰፊው ኮቱን አስተካከለ፤ ድምፁን አወፈረ። "'ለዚህ ታላቅ ጥናት መሳካት ሌት ተቀን ለደከመው፣ በስፌት ጥበብ አቻ ላልተገኘለት፣ ለውድ አባቴ…'"

በረዶው መውረድ ጀመረ። ልጅቱ አልተከራከረችም። ትከሻው ላይ የነበረውን ቦርሳዋን ተቀብላ ዓይን ዓይኑን አየችው።

"ተይው" አለ እሱ። "አጥፊው።"

ሜትር አንስቶ የደንበኛ ደረት እንደሚለካ ሰው ዓይኑን አጥብቦ ገጹን ተመለከተ። "'አባቴ ጽሑፉን ወስዶ አሳተመልኝ' በይ።"

"ከዚያስ ጋሼ?"

"ከዚያማ አራት ነጥብ።"

"ቁርጥራጩን ከየስፌት ቤቱ ሰብስበህ፣ የጥጡን ከጥጥ፣ የሱፉን ከሱፍ የለየህልኝ ግን አንተ ነህ" አለች ልጅቱ። "እኔ መቼ አውቀው ነበር?"

ልብስ ሰፊው ትንሽ አሰበ። "እሱስ እውነት ነው። 'ጨርቁንም በየዓይነቱ ለየልኝ' በይ።"

ተጻፈ። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ አነበበው፤ በዚያ ሁሉ ነጭ ገጽ መሐል ቃላቱ ብቻቸውን ተቀምጠው አሳዘኑት።

"ፊደሉን ግን ትንሽ ከፍ አድርጊው፣ እህቴ። ከሩቅ እንዲታይ።"

"ደንቡ አስራ ሁለት ነው ጋሼ።"

ልጁን አየ። ቃላቱን ደግሞ አየ። ከኋላው ወረፋ የያዙት ሰዎች ሊያነቡለት አንገታቸውን አስግገዋል፤ አይታያቸውም።

"በአስራ ሁለት ይሁን" አለ።