ወደ ኋላ የተረሳው አቶም

አባቴ ፊዚክስ ሲያስተምር «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይል ነበር። አቶምን እንደ ሌሎቹ መምህራን ከመጨረሻው ገጽ አይጀምርም። መጀመሪያ እንደ ጥንት ሰዎች ዳቦ እየቆራረስን መቁረጡ የት ላይ እንደሚያበቃ እንድናስብ ያደርገናል። ከዚያ አቶም ጠጣር ኳስ ይሆናል፤ ቀጥሎ ኤሌክትሮኖች እንደ ዘቢብ የተሰኩበት ኬክ፤ ቀጥሎ መሃሉ ላይ ኒውክሊየስ ብቻ ያለበት ባዶ ቤት፤ ከዚያ ኤሌክትሮኖች ኒውክሊየሱን የሚዞሩበት ምህዋር፤ በመጨረሻም ኤሌክትሮኑ የት እንዳለ በእርግጠኝነት የማይነገርበት ደመና። በየደረጃው «ማስረጃ?» ስለሚል ተማሪዎቹ ጋሽ ማስረጃ የሚል ስም አወጡለት። እኔ ልጁም ተማሪውም ነበርኩ፤ ጡረታ ሲወጣ ክፍሉን የተረከብኩትም እኔው ነኝ።

መርሳት ሲጀምር ሐኪሙ የቅርቡ ቀድሞ ይሄዳል፣ የጥንቱ ይቆያል አለኝ። ስሜን ይረሳብኛል ብዬ ስፈራ፣ እሱ መጀመሪያ የረሳው ደመናውን ነው። ሳቅኩ። ድሮም አይወደውም ነበር፤ ያለበትን የማይናገር፣ አምሽቶ እንደሚገባ ባል ነው ይለው ነበር። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ክፍል ውስጥ ዕቃ መጥፋት ቀረ። ዕድሜ ልኩን ሲፈልገው የኖረው መነጽር ከቦታው አይነቃነቅም። እሱም አልጋውን በአንድ መስመር ብቻ ይዞር ጀመር፤ ምንጣፉ ላይ ክብ ወጣ። እርጅና ነው ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

መዞሩን ያቆመው ምህዋሩንና ኒውክሊየሱን ሲረሳ ነው። ቀጥሎ ኤሌክትሮኑን ረሳ፤ የዚያኑ ዕለት የክፍሉ መብራት ጠፋ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ አምፖሉን ሳሎን ሲሰካው በራ፤ አባቴ ክፍል ሲመልሰው ጨለመ። ሽቦውን ደጋግሞ ለካ። «እህቴ፣ ሽቦው ደህና ነው፤ በውስጡ የሚሄድ ነገር ነው የሌለው» አለኝና መሣሪያውን በቅጡ ሳይሰበስብ ወጣ። አባቴን ሳሎን ባስቀምጠው የሳሎኑም ጠፋ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። በየዓመቱ የማስተምረው እኮ እኔ ነኝ።

ኤሌክትሮኑን ላስታውሰው ሞከርኩ። ብነግረው፣ ብነግረው፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። እንደ ድሮው ቅንድቡን ሰቅሎ ማስረጃ ጠየቀኝ። ማበጠሪያ በሱፍ አሽቼ ወደ ወረቀት ብጣሾች አስጠጋሁ፤ ብጣሾቹ ንቅንቅ አላሉም። እሱ ባለበት ትክክሉ እሱ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ኳሱም ጠፍቶበት «የማይቆረጥ» የምትለዋ የአቶም የጥንት ትርጉም ብቻ ቀረችው። ትንሽ ትልቅ ሳይል ያየውን ሁሉ እያመለከተ አይቆረጥም ይላል፤ የተባለውም አልቆረጥ አለ። ቢላዋው ዳቦው ላይ ተንሸራተተ፣ ጥርሱም ተንሸራተተ። ሾርባ በማንኪያ ይዤለት ስገባ ከማንኪያው አልለቅ አለ። ግቢ አወጣሁት፤ እዚያም ያው ነው። ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ግን ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ከነገር ካልተለየ እሱም ከእኔ አይለይም ብዬ ነበር። ከንፈሩ በጥም ሲደርቅ ግን ደስታዬ በነነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ልጅ አየኝ።

«ልጄ፣ መቁረጥ መጨረሻ አለው ወይስ የለውም? እኔ እንጃ፣ ጠፋብኝ።»

ከዚህ በታች ደረጃ እንደሌለ አውቃለሁ። አለው ካልኩት በረሃብ ይሞትብኛል። የለውም ካልኩት ደግሞ ዓለም የቆመበትን ወለል ከእግሩ ሥር መንቀሌ ነው።

«የለውም፣ አባዬ።»

«ማስረጃ?»

«እኔ ልጅህ ነኝ ያልኩህ።»

በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማስረጃ አመነ። ዳቦው እጁ ላይ ተቆረሰ። በላ፣ ውሃ ጠጣ፣ ጎበዝ አለኝ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ የተረፈው ዳቦ ፍርፋሪ፣ ፍርፋሪው ዱቄት፣ ዱቄቱ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ የሚንሳፈፍ ብናኝ ሆነ። ጣቶቹም ተከተሉ። አላመመውም፤ ገርሞት ያያቸው ነበር። ዋሽቼህ ነው፣ መጨረሻ አለው ብዬ ለመንኩት። በትዕግሥት ሰማኝና ማስረጃ ጠየቀኝ። ምን ላሳየው?

ጀንበር ስትጠልቅ ግማሹ ቀርቶ ነበር፤ በማግስቱ የግማሹ ግማሽ። መጨረሻ የለውም ስላልኩት አልጨረሰም። አሁን በዐይን አይታይም። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፣ ክፍሉንም አልጠርግም። ጠዋት ጠዋት ትንፋሼ እንዳይበትነው አፌን በእጄ ከልዬ እገባና እንዴት አደርክ እለዋለሁ። እሱም ከትናንቱ በግማሽ በቀነሰ ድምፅ ደህና ይለኛል።